ኒው ፊላደልፊያ፦ የኢሊኖይ ጠረፍ የገበሬዎች መንደር አነሣሥና አጠፋፍ

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች መካከል በሚገኘው በፓይክ ካውንቲ፣ ኒው ፊላደልፊያ የምትባል የገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች መንደር በ1836 ተቆርቁራ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሰው ሲኖርባት፣ ሲነግድባትና ልጆች ሲማሩባት ቆይታ፣ ከዚያ በኋላ ቤቶቿ አንድ በአንድ ፈርሰው፣ መንገዶቿም ታርሰው ጠፍታለች። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ካውንቲ የሚባለውም በአሜሪካ አስተዳደር ከግዛት በታች የሚገኝ፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ አከፋፈል ከአውራጃ ጋር የሚቀራረብ እርከን ነው። በዚያ ዘመንና በዚያ አካባቢ ተመሥርተው የጠፉ መንደሮች ብዙ ናቸው፤ ኒው ፊላደልፊያን ከእነርሱ የሚለያት ግን፣ እስካሁን በታወቀው ሰነድ መሠረት፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ፕላኗን አስነሥቶና ቦታዋን ሸንሽኖ በሕጋዊ መዝገብ ያስመዘገባት የመጀመሪያዋ ከተማ መሆኗ፣ ከቦታዎቿ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም በባርነት የቀሩ ልጆችንና የልጅ ልጆችን ለመዋጀት የታሰበ መሆኑ ነው። የመንደሯ ታሪክ በትክክል የሚገባው ከዚህ ዓላማ ተነሥቶ ሲታይ ብቻ ነው።

የአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች ጠረፍ የሚሉት በሁለት መንግሥታት መካከል ያለውን ወሰን ሳይሆን፣ ከምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ወደ ምዕራብ እየገፉ የሄዱት ሰፋሪዎች ደን እየመነጠሩና ሣራማውን ሜዳ እየገመሱ አዲስ እርሻ ያቀኑበትን የመሬት ጫፍ ነው። ይህ ጫፍ በ1830 ገደማ ምዕራብ ኢሊኖይ ላይ ደርሶ ነበር። ምድሩ ግን ባለቤት ያልነበረው አልነበረም፤ ሳውክና ሜስኳኪ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በ1804 በተፈረመና ብዙዎቹ ሳውኮች ፈጽሞ ባልተቀበሉት ውል መሬታቸውን እንደለቀቁ ተቆጥረው፣ በመጨረሻም በ1832 በብላክ ሆክ ጦርነት ተሸንፈው ከሚሲሲፒ ማዶ ተገፍተዋል። የፌዴራሉ መንግሥት በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለውን ሰፊ መሬት በ1812 በተጀመረው ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮች ጉርሻ እንዲሆን ከልሎ፣ ለአንድ ወታደር 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ወይም ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ የሚሆን መሬት መድቦ ነበር። አብዛኞቹ ወታደሮች መሬቱን ሄደው ሳያዩ ስለሸጡት ግን ይዞታው በመሬት ነጋዴዎች እጅ እየተዘዋወረ ገበያ ላይ ዋለ። ነፃነት ፍለጋ የተሰደደው ጥቁር ገበሬ መኖሪያውን ያገኘው ሌላ ሕዝብ በተነቀለበት ምድር ላይ መሆኑ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ሊታለፍ የማይገባው እውነት ነው።

የመንደሯ መሥራች ፍራንክ ማክዎርተር በ1777 በሳውዝ ካሮላይና በባርነት ተወለዱ። ጌታቸው ጆርጅ ማክዎርተር፣ ተመራማሪዎችና ተወላጆቻቸው እንደሚሉት፣ አባታቸውም ሳይሆን አይቀርም። በ1795 ጌታቸው ወደ ኬንታኪ ፑላስኪ ካውንቲ ሲዘዋወር ወጣቱ ፍራንክም አብረው ተወስደው፣ በዚያን ጊዜ ገና ጠረፍ በነበረው በዚያ አገር ደን መንጥረው እርሻ አቀኑ። በ1799 በዚያው አካባቢ በሌላ ጌታ እጅ በባርነት ይኖሩ የነበሩትን ሉሲን አገቡ፤ የኬንታኪ ሕግ የባሪያን ጋብቻ ጋብቻ ብሎ አያውቀውም ነበርና፣ ባልና ሚስቱ ትዳራቸውን በሕግ ፊት ሊያጸኑ የቻሉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢሊኖይ ከገቡ ወዲያ ነው። ጌታቸው በ1810 ገደማ ወደ ቴነሲ ሲሄድ የኬንታኪውን እርሻ በፍራንክ ኃላፊነት ላይ ትቶት ስለነበር፣ ፍራንክ የእርሻ አስተዳደርን፣ የገበያ ዋጋን፣ የብድርንና የውልን አሠራር በባርነት ቀንበር ሥር ሆነው ጠንቅቀው አወቁ። ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ይህን ሁሉ በቃላቸውና በልምዳቸው መያዛቸው የሰውዬውን የአእምሮ ብርታት ያሳያል።

በዚያ ዘመን በባርነት የተያዘ ሰው የጌታውን ሥራ ከጨረሰ በኋላ የቀረውን ጊዜ ራሱ ከጌታው እየተከራየ፣ ማለትም የተወሰነ ገንዘብ ለጌታው እየከፈለ፣ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ወይም በራሱ ሙያ ሠርቶ ትራፊውን የሚይዝበት አሠራር ነበር። ፍራንክም በዚህ መንገድ ሶልትፒተር ማምረት ጀመሩ። ሶልትፒተር ለባሩድ መሥሪያ ዋና ግብዓት የሆነ ጨው መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በኬንታኪ ከዋሻ ውስጥ የሚወጣውን አፈር በውኃ አጥቦ፣ ውኃውን ከአመድ እጣቢ ጋር አዋሕዶና አፍልቶ በማትነን የሚገኝ ነበር። የ1812ቱ ጦርነት የባሩድን ፍላጎት ስላናረው ሥራው ትርፍ አስገኘ፤ ያጠራቀሙትንም ገንዘብ በ1817 ለመጀመሪያ ጊዜ ለነፃነት ሲከፍሉ የከፈሉት ለራሳቸው ሳይሆን ለባለቤታቸው ለሉሲ ነበር። ዋጋው 800 ዶላር ነበር።

ሉሲ ቀድመው መዋጀታቸው የፍቅር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በጥንቃቄ የተሰላ ውሳኔም ነበር። በአሜሪካ የባርነት ሕግ ልጅ የሚከተለው የእናቱን ሁኔታ ነው፤ እናት ባሪያ ከሆነች አባት ነፃም ቢሆን ልጁ ባሪያ ሆኖ ይወለዳል፣ እናት ነፃ ከሆነች ደግሞ ልጁ ነፃ ነው። ሉሲ በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ስለነበሩ በዚያው በ1817 የተወለደው ስኳየር የተባለው ልጃቸው፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት ኮሞዶርና ሉሲ አን፣ ምንም ሳይከፈልባቸው ነፃ ሆነው ተወለዱ። ፍራንክ ራሳቸውን የዋጁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ እንዲሁ በ800 ዶላር ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት አራቱ ልጆች ግን፣ ጁዳ፣ ፍራንክ ልጅየው፣ ሳሊና ሰሎሞን፣ በባርነት ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ በአባቱ ስም የተጠራው ፍራንክ፣ በ1826 ወደ ካናዳ ኮበለለ፤ አባትየውም በ1829 የሶልትፒተር ማምረቻቸውን በሙሉ ለልጁ ጌታ ሰጥተው የልጁን ነፃነት አረጋገጡ። የዓመታት ልፋት ውጤት የሆነውን ድርጅት ለአንድ ልጅ ነፃነት መለወጥ እርሳቸው የሚያመነቱበት ነገር አልነበረም።

በ1830 ፍራንክ በኬንታኪ ሳሉ በፓይክ ካውንቲ 160 ኤከር መሬት ሳያዩት ገዙ፤ ከባለቤታቸውና ነፃ ከሆኑት ልጆቻቸው ጋር በዚያው ዓመት መጸው ጉዞ ጀምረው፣ ክረምቱን በመንገድ አሳልፈው በ1831 ጸደይ ከቦታው ደረሱ። ጁዳ፣ ሳሊና ሰሎሞን ከልጆቻቸው ጋር በኬንታኪ ቀርተዋል። በዚያው በ1831 አብርሃም ሊንከን የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ከፓይክ ካውንቲ በስተምሥራቅ ኒው ሴለም በምትባል ሌላ የጠረፍ መንደር መኖር ጀምሮ ነበር፤ የሁለቱ መንደሮች ዕጣ ኋላ ላይ መነጻጸር የሚገባው ነው።

ኢሊኖይ በ1818 ነፃ ግዛት ተብሎ ወደ ኅብረቱ ቢገባም ለጥቁር ሰው ነፃነቱ በእጅጉ የተሸራረፈ ነበር። ጥቁር ሕጎች በመባል የሚታወቁት ድንጋጌዎች ወደ ግዛቱ የሚገባ ማንኛውም ጥቁር የነፃነት ወረቀቱን በካውንቲው ጽሕፈት ቤት እንዲያስመዘግብ፣ ከ1829 ጀምሮም 1,000 ዶላር ዋስትና እንዲያቀርብ ያስገድዱ ነበር፤ የመምረጥ መብት አልነበረውም፣ ነጭ ሰው ቢበድለው በፍርድ ቤት ሊመሰክርበት አይችልም። በ1853 የወጣው ሕግ ደግሞ የጥቁሮችን ወደ ግዛቱ መግባት ጨርሶ ከለከለ። እነዚህ ሕጎች የተሻሩት የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ነው። እንግዲህ ኒው ፊላደልፊያ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት የኖረችው መሥራቿን እንደ ሙሉ ሰው በማይቆጥር ሕግ ሥር ነበር።

ሥራው የተጀመረው ከማረስ ነው። የአካባቢው መሬት ከፊሉ ደን፣ ከፊሉ ረዣዥም ሣር የበቀለበት ሜዳ ነበር፤ የሜዳው አፈር ለም ቢሆንም የሣሩ ሥር ለዘመናት ተጠላልፎ ስለጠነከረ የመጀመሪያውን እርሻ ለመገመስ ብዙ ጥማድ በሬ የሚስበው ከባድ ማረሻ ያስፈልግ ነበር። ጆን ዲር የተባለው አንጥረኛ ጭቃ የማይዘውን የብረት ማረሻውን በዚያው በኢሊኖይ የሠራው በ1837 ስለሆነ፣ የማክዎርተር ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለዚህ መሣሪያ ነው የገፋው። በቆሎ፣ ስንዴና አጃ ዘሩ፤ ከብት፣ ፈረስና በተለይም አሳማ አረቡ። ከገበያ ርቆ በሚገኝ ጠረፍ በቆሎን በጋሪ ጭኖ ወንዝ ወደብ ማድረስ ዋጋው ከትርፉ ስለሚበልጥ፣ የአካባቢው ገበሬ በቆሎውን ለአሳማ አብልቶ አሳማውን በእግሩ እየነዳ ወደ ገበያ መውሰድ ይቀለው ነበር። ከዚህ እርሻ በተገኘ ገንዘብ ፍራንክ በ1835 ወደ ኬንታኪ ተመልሰው ልጃቸውን ሰሎሞንን በ550 ዶላር ዋጁት። ነፃ ጥቁር ሰው ወደ ባሪያ አገር መመለሱ ራሱ አደገኛ እንደነበረ ልብ ማለት ያሻል፤ ወረቀቱን የቀማው አፋኝ መልሶ ሊሸጠው ይችል ነበርና።

ነገር ግን የእርሻ ገቢ ብቻውን የቀሩትን በቶሎ ለመዋጀት አልበቃም። ፍራንክ በ1835 ከፌዴራሉ መንግሥት 80 ኤከር በ100 ዶላር፣ ማለትም አንዱን ኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝተው፣ በ1836 ከዚሁ ላይ 42 ኤከሩን በቀያሽ አስለክተው ኒው ፊላደልፊያ ብለው በካውንቲው መዝገብ አስመዘገቡ። በፕላኑ ላይ 144 ቦታዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቦታ 60 በ120 ጫማ፣ ማለትም በግምት 18 በ37 ሜትር ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ሁለት መንገዶች 80 ጫማ፣ ሌሎቹ 60 ጫማ፣ ከቤቶች ጀርባ የሚያልፉት መተላለፊያዎች ደግሞ 15 ጫማ ስፋት ተሰጣቸው። ያ ዓመት በኢሊኖይ የከተማ ምሥረታ ትኩሳት የተነሣበት ዓመት ነበር፤ ሀብት ያለው ሁሉ ሜዳ እየሸነሸነ ከተማ ነው ብሎ ይሸጥ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት የመጣው የገንዘብ ቀውስም ብዙዎቹን ገና በወረቀት ላይ እያሉ አጠፋቸው። ኒው ፊላደልፊያ ከወረቀት አልፋ ቤት የተሠራባት፣ ሰው የገባባት ከተማ ሆነች።

አንድ ከባድ እንቅፋት ግን ነበረ። በሕጉ ፊት ሙሉ ሰው ያልሆነ ሰው የሸጠው ቦታ ነገ ቢከራከሩበት ገዢው ምን ዋስትና ይኖረዋል? ፍራንክ ለዚህ መልስ የፈለጉት ከግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። የጠባያቸውን ጨዋነት የሚመሰክሩ የኬንታኪና የኢሊኖይ ነጮች ፊርማ ተያይዞ የቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቶ፣ በ1837 በወጣ ልዩ ሕግ ማክዎርተር የሚለው የቤተሰብ ስም፣ እንዲሁም የመክሰስና የመከሰስ፣ የመግዛትና የመሸጥ መብት ተሰጣቸው። ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አብርሃም ሊንከንም የዚያ ምክር ቤት አባል ነበር። አንድ ሰው ለመሸጥና ለመክሰስ ልዩ አዋጅ እንዲወጣለት መገደዱ የዘመኑን ጭካኔ ሲያሳይ፣ አዋጁን ማስወጣት መቻሉ ደግሞ የሰውዬውን ብልኃት ያሳያል።

በመንደሯ ቦታ የገዙት ጥቁሮች ብቻ አልነበሩም፤ እንዲያውም በ1850 ቆጠራ ከ58ቱ ነዋሪዎች የሚበዙት ነጮች ነበሩ። አናጢ፣ ጫማ ሰፊ፣ የሠረገላ እግር ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎችና የባፕቲስት ሰባኪ ይኖሩባት ነበር። የዙሪያው ገበሬ ማረሻውን የሚያስተካክለው፣ ፈረሱን የሚያስጫምተው፣ ስኳርና ቡና የሚሸምተው በዚህች መንደር ነበር። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ቦታ ገዝተው ጎን ለጎን ቤት ሠርተዋል። ይህ ማለት መድልዎ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ልጆቹ መጀመሪያ ተለያይተው ይማሩ ነበር፣ የመቃብር ቦታውም የተለያየ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት መማር የጀመሩት ከ1874 ገደማ ወዲህ፣ የኢሊኖይ ሕግ በቀለም ለይቶ ከትምህርት ቤት ማገድን በከለከለበት ጊዜ ነው። ሆኖም በዚያ ሕግና በዚያ ዘመን ነጭ ሰው ከጥቁር ሰው ቦታ ገዝቶ፣ ከጥቁር ጎረቤት ጋር ውኃ ቀድቶ የኖረባት መንደር መኖሯ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከመንደሯ በስተምዕራብ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሚሲሲፒ ማዶ፣ ባርነት የተፈቀደበት የሚዙሪ ግዛትና ሃኒባል የምትባለው የወንዝ ወደብ ነበሩ። ከባርነት የሚኮበልሉ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው በምዕራብ ኢሊኖይ በኩል ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር፤ የሚያሳድዷቸው አዳኞችም በዚያው መንገድ ይመላለሱ ነበር። በ1837 በዚያው በኢሊኖይ ግዛት በኦልተን ከተማ ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ኢላይጃ ላቭጆይ በነጭ ዐመፀኞች ተገድሏል። የማክዎርተር ቤተሰብ ትውፊት ኮብላዮችን ይደብቁና እስከ ካናዳም ያደርሱ እንደነበረ ያስረዳል፤ ሥፍራዋም በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ ከእነዚህ የማምለጫ መንገዶች ጋር ከተያያዙት ቦታዎች አንዷ ሆና ተመዝግባለች። አንድ ልጅ ራሱ ወደ ካናዳ ኮብልሎ የተመለሰበት ቤተሰብ መንገዱን ማወቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

ፍራንክ ማክዎርተር በ1854 በሰባ ሰባት ዓመታቸው ሲሞቱ ሥራው አላለቀም ነበር። በኑዛዜያቸው ከንብረታቸው እየተሸጠ በባርነት የቀሩት የልጅ ልጆች እንዲዋጁ አዘዙ፤ ልጆቻቸውም ትእዛዙን ፈጽመው የመጨረሻዎቹን በ1857 ነፃ አወጡ። ራሳቸውን ጨምሮ የተዋጁት አሥራ ስድስት ሰዎች ሲሆኑ የተከፈለላቸው ዋጋ በድምሩ ወደ 14,000 ዶላር ይደርሳል። መንግሥት አንዱን ኤከር መሬት በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም በሚሸጥበት ዘመን ይህ ገንዘብ ከአሥር ሺህ ኤከር በላይ ይገዛ ነበር። ቤተሰቡ በአገሩ ታላቅ ባለርስት ሊሆንበት ይችል የነበረውን ሀብት የገዛ ዘመዱን ለመግዛት አወጣው፤ የአሜሪካ ባርነት ከጥቁር ቤተሰቦች የወሰደው ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ነፃ ከወጡም በኋላ ያፈሩትን ጥሪት ጭምር እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የሒሳብ መዝገብ ማግኘት ያስቸግራል።

መንደሯ ከመሥራቿ ሞት በኋላ አደገች። በ1865 በተካሄደው የግዛቱ ቆጠራ 160 ያህል ሰዎች ነበሩባት፤ ከእነዚህ ሢሶ የሚጠጉት ጥቁሮች ነበሩ። ጥቁር ሕጎች የተሻሩት፣ ባርነትም በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የቀረው በዚሁ ዓመት ስለሆነ፣ የመንደሯ ዕድገት የሚቀጥል መስሎ ነበር። ውድቀቷ ግን የመጣው ወዲያው ነው። ከሃኒባል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ በኢሊኖይ ወንዝ ላይ እስከምትገኘው ኔፕልስ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ በ1869 ሲዘረጋ፣ ሐዲዱ ኒው ፊላደልፊያን ሳይነካ አንድ ማይል ያህል በስተሰሜን ዞሮ አለፈ። በስተምዕራብ የምትገኘው ባሪ ባቡር ጣቢያ አገኘች፤ በስተምሥራቅም ቤይሊስ የምትባል አዲስ ከተማ በሐዲዱ ዳር ተቆረቆረች። በዚያ ዘመን ለአንድ የእርሻ መንደር ባቡር ማጣት ምን ማለት እንደነበረ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ገበሬው እህሉንና አሳማውን ወደሚጫንበት ሲሄድ ሱቁም፣ አንጥረኛውም፣ ጫማ ሰፊውም ተከትሎት ይሄዳል።

ሐዲዱ ለምን እንደዞረ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ኖሯል። አርኪዮሎጂስቱ ክሪስቶፈር ፌነል የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከሐዲዱ መሥመር ጋር አገናዝበው፣ መሐንዲሶቹን እንዲዞሩ የሚያስገድድ የመልክዐ ምድር ምክንያት እንደሌለ፣ ይልቁንም ጥቁሮች የመሠረቷትን ከተማ የመሸሽ ፍላጎት ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። የባቡሩ ባለሀብቶች ከነበሩባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው ሃኒባል ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሪያ ይሸጥባት እንደነበረ ሲታሰብ ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል። በሌላ ወገን የጎረቤት ከተሞች ነጋዴዎች ሐዲዱን ወደየራሳቸው ለመሳብ የሚያደርጉት ሽሚያም በዚያ ዘመን በየትኛውም ካውንቲ የተለመደ ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች ግን አይጋጩም፤ በሽሚያው ውስጥ የሚከራከርላት ባለሥልጣንና ባለባንክ ያልነበራት መንደር ድምፅ ያጣችው በቀለሟ ምክንያት ነውና፣ በዚህ ንግግር ሚዛን የፌነል ድምዳሜ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ1885 የካውንቲው ቦርድ ከከተማዋ ቦታ ሰፊውን ክፍል ከከተማነት ሰርዞ ወደ እርሻ መሬትነት መለሰው። ወጣቶች ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዱ፤ ጥቂት ቤተሰቦች እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ቆይተው እነርሱም አለፉ። የመንደሯ ቦታ ማረሻ ሲመላለስበት የሚኖር ማሳና ሣር ሆነ።

የጠፋችውን መንደር መልሶ ለማወቅ ሁለት ሥራዎች ተጣምረዋል። የመጀመሪያው የፍራንክ ተወላጅ የሆኑት የታሪክ ተመራማሪዋ ጁልየት ዎከር በ1983 ያሳተሙት፣ ፍሪ ፍራንክ የሚል ርእስ ያለው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ በቤተሰቡ እጅ የቆዩ ወረቀቶችንና የየካውንቲውን መዛግብት አገናዝቦ የቀረበ ጥናት ነው። ሁለተኛው ከ2002 ጀምሮ በፖል ሻክል፣ በክሪስቶፈር ፌነልና በቴራንስ ማርቲን መሪነት የተካሄደው የአርኪዮሎጂ ጥናት፣ ማለትም ከመሬት ሥር በሚገኙ ቅሪቶች የቀድሞ ሰዎችን አኗኗር የመመርመር ሥራ ነው። ለዘመናት የታረሰ ማሳ ምንም የማይገኝበት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማረሻ የሸክላ ስብርባሪን፣ ምስማርንና መስተዋትን ከሥር ወደ ላይ ያወጣል እንጂ ከነበረበት ቦታ አርቆ አይወስደውም። ተመራማሪዎቹና ተማሪዎቻቸው በማሳው ላይ በተራ ተሰልፈው እየሄዱ ላዩ ላይ ያገኙትን ሁሉ ምልክት አድርገው በካርታ ላይ ሲያሰፍሩት፣ ቅሪቱ የሚከማችባቸው ሥፍራዎች በ1836ቱ ፕላን ላይ ካሉት ቦታዎች ጋር ገጠሙ። ቀጥሎም ምድሩን ሳይቆፍሩ ከሥሩ ያለውን የድንጋይ መሠረትና የተሞላ ጉድጓድ በኤሌክትሪክና በማግኔት መሣሪያ ለይተው፣ የግብር መዝገብ በየቦታው ቤት ስለመኖሩ የሚለውን ከዚሁ ጋር አመሳክረው፣ የት መቆፈር እንዳለባቸው ወሰኑ።

ከቁፋሮው የተገኘው ትምህርት ብዙ ነው። የቤት መሠረቶች፣ ምድር ቤቶችና ጉድጓዶች ተገኙ፤ በውስጣቸውም ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሳሕኖች፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ ቁልፎች፣ የልጆች መጫወቻዎች ነበሩ። የጥቁሮቹና የነጮቹ ቤት ዕቃ ሲነጻጸር ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ ከሩቅ ጠረፍ ያለች መንደር ብትሆንም ነዋሪዎቿ ሁሉ ከአንድ ገበያ እየሸመቱ፣ በአንድ ዓይነት ሳሕን ይበሉ ነበር። የአጥንቱ ቅሪት አሳማና ዶሮ ዋና ምግባቸው እንደነበሩ፣ የአደን ሥጋም ይጨመርበት እንደነበረ ያሳያል። ጫፋቸው ተፈግፍጎ ክብ የተደረጉ ትናንሽ የሸክላ ቁርጥራጮችም አሉ፤ እነዚህም በሌሎች የአሜሪካ ጥቁሮች መኖሪያዎች እንደሚገኙት ሁሉ፣ ከአፍሪካ የተወረሰና ኢትዮጵያውያን ገበጣ ብለው የሚያውቁት ዓይነት ጨዋታ ጠጠሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

እዚህ ላይ ከፍ ብሎ ወደተጠቀሰችው ኒው ሴለም መመለስ ያስፈልጋል። ኒው ሴለም በ1829 ገደማ ተቆርቁራ፣ ሊንከን ከ1831 እስከ 1837 ኖሮባት፣ በአቅራቢያዋ ያለችው ፒተርስበርግ የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን በ1840 ገደማ የተፈታች፣ ዕድሜዋ ከኒው ፊላደልፊያ እጅግ ያነሰ መንደር ናት። የግዛቱ መንግሥት ግን በ1930ዎቹ የእንጨት ቤቶቿን እንደገና አሠርቶ፣ ወፍጮዋንና ሱቋን አቁሞ፣ ሕዝብ እንዲጎበኛት አደረገ። በዚያው አሥር ዓመት ኒው ፊላደልፊያ ላይ ማረሻ ይመላለስ ነበር። የአንዱ መንደር መታወስና የሌላው መረሳት ከመንደሮቹ ታሪካዊ ክብደት የመጣ ልዩነት አይደለም፤ ከማን ታሪክ የሀገር ታሪክ ነው ተብሎ ከመታሰቡ የመጣ ነው። ይህን ያስተካከሉት ከባሪና ከአካባቢው ገበሬዎች ተውጣጥተው በ1996 ማኅበር ያቋቋሙት የመንደሯ ወዳጆች፣ የማክዎርተር ተወላጆችና ተመራማሪዎቹ ናቸው። የፍራንክ መቃብር በ1988፣ የመንደሯ ቦታ በ2005 በአሜሪካ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ገቡ፤ በ2009 ቦታዋ ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ አገኘች፤ በታኅሣሥ 2022 በወጣ ሕግም በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር እንድትተዳደር ተወሰነ።

በአሜሪካ የሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚማሩት ታሪክ ከጥጥ እርሻው ባርነት ተነሥቶ ወደ መብት ትግሉ ሲዘል፣ በመካከል ያለውን ጥቁር ገበሬ፣ ቀያሽ አሰማርቶ ከተማ የቆረቆረውን፣ በምክር ቤት ተሟግቶ አዋጅ ያስወጣውን ሰው ብዙ ጊዜ አያገኙትም። ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄደው የሊንከንን ቤትና መቃብር፣ ከዚያም ኒው ሴለምን የሚጎበኙ ቤተሰቦች በ72ኛው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከባሪ አጠገብ ይደርሳሉ። በቦታው የቆመ ቤት እንደማይጠብቃቸው አስቀድመው ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ የ1836ቱን ፕላን በእጃቸው ይዘው ይሂዱ፤ ብሮድዌይና ሜይን የተባሉት ሁለቱ ዋና መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ ፈልገው፣ ከዚያ ተነሥተው 144ቱ ቦታዎች የት እንደነበሩና የተሸጡት ለማን ነፃነት እንደነበረ ለልጆቻቸው ያስረዱ።